ብሪዚ ክፍል

ሰውየው የቤት ደላላ ነው። ሰፈሩ «ብሪዚ» ይለዋል፤ እሱም ሽሙጥ መሆኑ ሳይገባው ደረቱን ነፍቶ «አቤት!» ይላል።

ቃሏን ያገኛት ከአንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። አስተማሪው በጠራራ ፀሐይ ቤት ሊያይ መጥቶ መስኮቱን ከፈተና «አቤት አየር፣ ብሪዚ ነው!» አለ። ደላላው ምን ማለት እንደሆነ ቢጠይቀው፣ «ቀለል ያለ ነፋስ ያለበት፣ በሙቀት ጊዜ ደስ የሚል» ብሎ አስረዳው። እሱ እቴ! «ቀለል ያለ» የሚለውን እዚያው ደረጃው ላይ ጥሎት ወረደ። «ሙቀት» የሚለውንማ ጭራሽ አልሰማም።

ከዚያ ወዲያ መስታወቱ የተሰበረ ክፍል ሁሉ ብሪዚ ሆነ። በሩ አልገጥም ያለውም ብሪዚ፣ ጣሪያው የተገነጠለውም ብሪዚ፤ ሌሎቹ ደላሎችም ቃሏን ለመዷት። አንዲት ነርስ ካፖርቷን እንደለበሰች «ኧረ እዚህ ውስጥ ፀጉሬ እየተበተነ ነው» ብትለው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እህቴ፣ ፈረንጅ ይቺን አየር ፍለጋ ስንት አገር ያቋርጣል!» አላት። ማታ እራት ላይ ደግሞ «ዛሬም አንድ ብሪዚ ቤት ለሰው ሰጠሁ» እያለ ለልጁ ይጎርራል። ልጅቷ በዚህ ወሬ አደገች።

ከሁሉ የባሰችው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጣሪያ ሥር ያለችው ክፍል ነበረች። በመስኮቷና በግድግዳው መካከል እጅ ያስገባል። የገባ ሁሉ እያሳለ ይለቃል፤ እሱ መልሶ ያከራያል። ምን ቸገረው!

ልጁ ልብስ ሰፊ ስታገባ «መርፌ ለሚቆጥር ልጄን አልሰጥም» ብሎ ከሠርጉ ቀረ። ተኳረፉ። ስትወልድ ግን ሆዱ አልችል አለ፤ ያንን ሕፃን አንዴ ቢያቅፍ ሌላ ምንም አልፈለገም። የሕፃን ኮፍያ ገዝቶ ሚስቱን «ምሪኝ» አላት።

ሚስቱ አንድ የሚያውቀው ሕንፃ ውስጥ ይዛው ገባች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ላብ አጠመቀው። ሦስተኛው ላይ «እዚህ ጋ ይሆናል» አለ። ሚስቱ ወደ አራተኛው ወጣች።

መስኮቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ግን ይወዛወዛል። ልብስ ሰፊው ተንበርክኮ ስንጥቁን በቁርጥራጭ ጨርቅ ይወትፋል። ሕፃኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አፍንጫው ብቻ ይታያል፤ ያስላል። ደላላው ሊያቅፈው እጁን ሲዘረጋ ልጅቷ «አይ አባባ፣ ከተነካካ ይበርደዋል» አለችው።

«ማን ነው እዚህ ያስገባችሁ?»

«ሌላ ደላላ ነዋ። ባሌ ይቀዘቅዛል ብሎ አይሆንም ብሎኝ ነበር። ሰውየው ብሪዚ ነው ሲለኝ ግን እኔ ነኝ ድርቅ ያልኩት። አባባ ለሰው የሚሰጠው ዓይነት ቤት ነው፣ አባባ ደግሞ ክፉ ቤት አይሰጥም አልኩት።»

ደላላው ክው አለ። ሕፃኑ እንደገና ሲስል ኮፍያውን አልጋው ላይ ጣለና ከአማቹ ጎን ተንበረከከ።

ከታች ከመንገዱ አንድ ሰው «ብሪዚ! ኧረ ብሪዚ!» እያለ ተጣራ።

«አባባ፣ እርስዎን መሰለኝ» አለው አማቹ።

«እኔን አይደለም» አለ፤ «ጨርቅ ጨምርልኝ።»