ለእድሩ አባላት በሙሉ

ሰበታ ውስጥ ያኔት ሰለሞንን የማያውቅ ሰው ካለ ፎቶኮፒ የሚያስነሳው ወረቀት የሌለው ሰው ብቻ ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ፣ ወደ ገበያ በሚወስደው የኮብልስቶን መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ተቀምጣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ መታወቂያ ታባዛለች፣ የሰው ሲቪ ታሳምራለች። የራሷን ሲቪ ለማሳመር ግን አልታደለችም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣላትም፤ በእኛ አገር ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ደግሞ ሌቭል ይቆጥራል። ሌቭል ሦስት ተማረች፣ ሌቭል አራት ተማረች። የብቃት ምዘናውን፣ ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለውን ፈተና፣ መጀመሪያ የተቀመጠች ዕለት መብራት ጠፋና የሠራችው ሁሉ ውሃ በላው። ተመለሽና ተመዝገቢ አሏት፤ ተመልሳ ተመዘገበች። ያኔት ተመለሽ ሲሏት የምትመለስ፣ ጠብቂ ሲሏት የምትጠብቅ ልጅ ናት፤ ይህን ካወቃችሁ አብዛኛውን አወቃችሁ።

ቀጥሎ የመጣው ሌቭል አምስት ነው። አድቫንስድ ዲፕሎማ፤ ቢዝነስ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና ሶፍትዌር ዴቨሎፕመንት። አባቷ ጋሽ ሰለሞን ይህን ስም አስተካክለው ለመጥራት ብዙ ታግለው ስላልሆነላቸው፣ ሰው ሲጠይቃቸው «ኮምፒውተር ነው፤ ግን ትልቁ» ማለት ጀመሩ። ኮሌጁ ቡራዩ ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ ሌላው ሰው ሲተኛ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እሷ ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ደግሞ በዊንጌት አድርጋ በሚኒባስ እየተጋፋች ትሄዳለች። ሱሉልታ ያለ አንድ ፋብሪካ ዲፕሎማውን ይዘሽ ነይ፣ ስቶር ክፍል የኮምፒውተሩን ሥራ እንሰጥሻለን ብሏታል። ከፎቶኮፒ ማሽን ፊት የምትነሳበት ሌላ መንገድ አልታያትም።

የቀራት የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ነበር። አብዛኛው ተማሪ ይህን ነገር አዲስ አበባ ወርዶ ተሠርቶ ያለቀውን ይገዛና ስሙን ብቻ ቀይሮ ያቀርባል። መምህሯ ባርናባስ ግን ለዚህ ፊት የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ከሆሳዕና የመጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ቃሉን ግን የማያጥፍ መምህር ነው። «ሲስተሙን ሰው ይጠቀምበት፤ የተጠቀመበት ድርጅትም በማኅተሙ ይመስክር። ማኅተም ያላመጣ የፕሮጀክት መከላከያው ላይ አይቀርብም» አለ። የያኔት የቡድን ጓደኞች ይህን ሲሰሙ አንዷ ዓረብ አገር ሄደች፣ አንዱ ባጃጅ መንዳት ይሻለኛል ብሎ ቀረ። ያኔት ብቻዋን ቀረች።

የእድሩን ነገር ያነሡላት አባቷ ናቸው። ጋሽ ሰለሞን የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ናቸው። ጥሩምባ እየነፉ ሞት የሚለፍፉት ሰው አርጅተው ለገጣፎ ልጃቸው ዘንድ ከገቡ ወዲህ እድሩ አፍ አልነበረውም። ለቅሶ ሳይሰሙ የቀሩ አባላት ነበሩ፤ ያልሰማ ሰው ደግሞ አልተነገረኝም ብሎ ያኮርፋል፣ ሐዘንተኛውም አልደረሰልኝም ብሎ ይቀየማል። ያኔት ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ፣ ሰው ሲሞት አንዴ ሲጫኑት ለአባላቱ በሙሉ መልእክት የሚልክ ሲስተም ልትሠራ እንደምትችል አስረዳች። አንዳንዶቹ ሞት በስልክ ይነገራል ወይ ብለው አጉረመረሙ። የእድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ዲሪርሳ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ሃ ያልቱ» አሉ። «ትሞክር እንጂ። ልጃችን አይደለች እንዴ?»

ያኔት ክፍል ውስጥ እንደተማረችው፣ ከመሥራቷ በፊት ተጠቃሚው የሚፈልገውን ጠየቀች። መልእክቱ ለማን ይሂድ አለች። ለሁሉም አሉ ባንድ አፍ። «አንድ ሰው እንዳይቀር» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ፤ «አንድ የቀረ እንደሆነ ጠብ ነው።» እሷም ቃላቸውን ጠብቃ፣ ማንንም ነጥሎ ማስቀረት እንዳይቻል አድርጋ ሠራችው። እንዲያውም በዚህ ኮራች። ሰው የሚናገረው የሚያከራክረውን ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል?

የአባላቱን ስልክ ለመመዝገብ ቤት ለቤት ስትዞር መጀመሪያ የገባችው ጎረቤታቸው እትዬ ውብአየሁ ቤት ነው። እትዬ ውብአየሁ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው ለሱቆች የሚያስረክቡ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። እናቷ ስትሞት የያኔትን ጸጉር የሠሩላት፣ ዩኒፎርሟን ያጠቡላት እሳቸው ናቸው። ከወንዲ ሌላ ልጅ የላቸውም። ወንዲ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሰፈር ሲገባ ክላክስ ሳያሰማ አያልፍም፣ ያኔትን ሲያያትም «ኢንጂነሯ» ይላታል። እትዬ ውብአየሁ ማንበብ አይችሉም። ስልካቸው ላይ መልእክት በገባ ቁጥር ይዘውት ያኔት ዘንድ ይመጣሉ፤ አብዛኛው የቴሌ ማስታወቂያ ነው፤ እሷ ታነብላቸዋለች፣ እሳቸውም ይመርቋታል።

ሲስተሙ አለቀ። ማኅተሙ ግን አልመጣም። «አንድ ለቅሶ ይሥራና እንየው፤ ከዚያ እናትምልሻለን» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ። ነገሩ ያለ ክፋት የተባለ፣ ደግሞም ትክክል ነው፤ ያልሠራን ነገር ሠርቷል ብሎ ማን ይመሰክራል? ግን ያኔት ቤቷ ገብታ ስታስበው ክው አለች። ዲፕሎማዋ የሰው ሞት እየጠበቀ ነበር።

ሰፈሩ ውስጥ ሰው አልሞት አለ። የመከላከያው ጊዜ እየቀረበ መጣ፤ ያመለጠው ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል፣ ሱሉልታ ደግሞ እስከዚያ አይጠብቃትም። ከፋብሪካው አጥር ሥር የሚኖሩት ጋሽ ገብረየስ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተው ነበር። ያኔት ወደ ሱቋ ስትሄድ በደጃቸው እያለፈች «እንዴት አደሩ?» ትላለች። አንድ ጠዋት ይህን ስትጠይቅ ልቧ «ዐረፉ» የሚል መልስ እንደፈለገ ታወቃትና እግሯ ቆመ። በሳምንቱ ጋሽ ገብረየስ ተሽሏቸው ከዘራ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አገኘቻቸው። ደስ ሊላት ሲገባ ደስ አለማለቷን አየችና ራሷን ጠላች። ለአባቷም ለማንም አልተናገረችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው።

አንድ ጠዋት ሱቅ ለመክፈት ስትነሣ አባቷ ከደጅ ገቡ። ኦቦ ዲሪርሳ አስጠርተዋቸው ደርሰው መምጣታቸው ነው። ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

«ወንዲ» አሉ። «ከጅማ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ… አስከሬኑ እየመጣ ነው።»

ያኔት አፏን ይዛ አለቀሰች። አባቷ ቀስ በይ፣ እትዬ ውብአየሁ ይሰማሉ አሏት፤ በሁለቱ ቤት መካከል ያለው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። «ሽማግሌዎቹ ኦቦ ዲሪርሳ ቤት ይሰባሰባሉ። ከዚያ አብረን ገብተን እናረዳታለን። ሰው ቶሎ እንዲመጣ ላኪው፣ ልጄ።»

መርዶ በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ይሰባሰባል፣ ጎረቤት ቀድሞ ያውቃል፣ ሐዘንተኛው ብቻ አያውቅም። ተደጋግፈው ገብተው፣ ዙሪያውን ይዘው፣ እንዳይወድቅ አድርገው ይነግሩታል። ይህን ያኔት ከማንም እኩል ታውቃለች፤ የእናቷን ሞት የነገሯት እንዲያ አድርገው ነው። ግን ላኪው ተብላለች፤ የምትልክበትም ነገር በእጇ ነው። እንባዋን እየጠረገች ላፕቶፑን ከስልኳ ጋር አያያዘች፣ ስሙን ጻፈች፣ ተጫነች። ደረሰ፣ ደረሰ፣ ደረሰ እያለ ስክሪኑ ወደ ታች ወረደ። አንድም አልቀረም። ከእንባዋ ሥር የሆነ ነገር እፎይ አለ፤ ለዚያ እፎይታ ዛሬም ድረስ ራሷን አልማረችም።

የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። እትዬ ውብአየሁ ናቸው፤ ስልካቸውን ይዘዋል።

«ያኔትዬ፣ እድሩ ላከ መሰለኝ። ማን ሞቶብን ነው? አንብቢልኝ እስቲ፣ ነጠላዬን ልልበስ።»

ያኔት ያን ጊዜ ገባት። ጋሽ ሰለሞን ፈጠን ብለው «ነይ ግቢ ውብአየሁ፣ ተቀመጪ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የሳቸው አልነበረም።

«ሙከራ ነው፣ እትዬ» አለች ያኔት። «ገና እየሞከርኩት ነው። ማንም የለም።»

«እሰይ፤ ተመስገን። እኔማ ጋሽ ገብረየስ መስለውኝ ደንግጬ።» እትዬ ውብአየሁ ወንበሩ ላይ ዐረፍ አሉ። «ወንዲም ዛሬ ይገባል። ማታ ብደውልለት አያነሣም፤ መንገድ ላይ ኔትወርክ የለም እኮ።» አባቷ ሽማግሌዎቹን ለመጥራት ቀስ ብለው ወጡ። የኦቦ ዲሪርሳ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ እትዬ ሳያውቁ ቢቆዩላት፣ ሰዎቹ መጥተው ዙሪያቸውን ይይዙላት ነበር።

ነገር ግን መልእክቱ ለሁሉም ሄዷል። ማዶ ያለችው ገነት፣ ከወንዲ ጋር አብራ ያደገች ሴት፣ ስልኳን አንብባ ኖሮ ፀጉሯን እየነጨች ከቤቷ ወጣች። «ወንዲዬ፣ ወንድሜ» ስትል ድምፁ በአጥሩ ላይ መጣ። ከሷ ቀጥሎ ሌላ ድምፅ፣ ከዚያም ሌላ ተነሣ።

እትዬ ውብአየሁ አልጮኹም። ዓይናቸውን ወደ እጃቸው፣ ወደ ስልኩ መለሱ። ከዚያ ስልኩን ወደ ያኔት ዘረጉላት።

«እዚህ ላይ የተጻፈው ማን ነው?» አሉ።

ያኔት ሁለት እጃቸውን ያዘች። የሚደግፋቸው ሽማግሌ አልነበረም፣ የሚይዛቸው ጎረቤት አልነበረም፤ እሷ ብቻ ነበረች።

«ወንዲ ነው፣ እትዬ» አለች።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ብዛት እስከ ዛሬ ይወራል። አልሰማሁም ያለ አንድም አባል አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ያኔትን አልወቀሱም፤ «እኛም ሐዘንተኛዋን አስቀሪ አላልንሽም» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ፣ ዓይኗን ሳያዩ። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ማኅተሙን ራሳቸው ይዘው ሱቋ ድረስ መጥተው አተሙላት። እሷም ሲስተሙ ላይ አንዲት ሣጥን ጨመረች፤ የሐዘንተኛው ቤተሰብ እዚያ ምልክት ሲደረግበት መልእክት አይሄድለትም። ሥራው የአንድ ሻይ ጊዜ እንኳ አልፈጀም፤ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው ያንገበገባት።

መከላከያው ላይ መምህራኑ ብዙ አልጠየቋትም። አንዱ ያቺን ሣጥን አይቶ ምንድን ናት አለ። ያኔት አስረዳች። «በጣም ጥሩ» አለ ሰውዬው፤ «የማኅበረሰቡን ባህል ያገናዘበ ሥራ ነው። ሌሎቻችሁም እንዲህ ልታስቡ ይገባል።» መምህር ባርናባስ በኩራት ፈገግ አለላት። ያኔት ሣጥኗ እንዴት እንደመጣች ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አመሰግናለሁ ብላ ተቀመጠች። ፈተናውን አለፈች።

ሱሉልታ ሥራ ከመጀመሯ በፊት እትዬ ውብአየሁን ልትሰናበት ገባች። ጥቁር ለብሰው በርበሬ ይለቅማሉ። ዲፕሎማውን አሳየቻቸው፤ ማንበብ ባይችሉም ሁለቱን እጃቸውን ጠርገው ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ጭንቅላቷን ሳሙ፤ «ልፋትሽን አየሽ፣ እሰይ» ብለው መረቋት። ያኔት ይቅርታ ልትላቸው ጀምራ፣ በርበሬውን አብራቸው መልቀም ያዘች። እሳቸውም እንደገባቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ።

ልትወጣ ስትል ጠሯት። ከመቀነታቸው ስልካቸውን ፈትተው ሰጧት።

«የኔን ቁጥር ከዚያ አውጪልኝ፣ ልጄ» አሉ። «ለቅሶ ሲሆን ጩኸቱን ሰምቼ እመጣለሁ። እኔ ከእንግዲህ የሚነገረኝ የለኝም።»