በሻይ ብርጭቆ ያየነው ደም

መጀመሪያ የወሰዱብኝ ቀበቶዬን ነው፤ ቀጥሎ የጫማዬን ማሰሪያ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ከሌሊት ተራ የሚመለስ የጤና ሠራተኛ በሰዓት እላፊ ሰበብ ለምን እንደሚደበደብ ጠየቅኩ። መልሱን የጠበቅኩት ጋምቤላ ከተማ፣ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው እንደ ምጣድ በሚግል ክፍል ነው። በሩ ሲከፈት ሰዎቹ ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ቦታ ሊለቁልኝ ተነሱ። ክፍሉ ላብና የተቀቀለ በቆሎ ይሸታል።

ሱሪያቸውን በእጃቸው የማይዙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር እህል የሚነግዱ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ወገባቸውን በመርፌ ቁልፍ አያይዘውታል። እንዴት እንዳስገቧት ብጠይቃቸው፣ "አላህ ያስገባትን አንተ ምን አገባህ?" ብለው ሳቁብኝ።

የብዙዎቻችን ስንቅ ከቤት ይመጣል። አጠገቤ ለሚተኛው የኑዌር ሰው ግን የሚያመጣለት አልነበረም። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ ቤተሰቡ እዚያ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል። የጣቢያውን የበቆሎ ንፍሮ የሚበላው እሱ ብቻ ነበር። ከስንቃችን ስናቀርብለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "የእኔ አለኝ" ይላል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቢለምኑትም አይነካም።

አንድ ጠዋት ከመጸዳጃ ሲመለስ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

"ዶክተር" አለኝ፤ ዶክተር አለመሆኔን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። "ሽንት እንደ ሻይ ሆነ። እኔ ቆሜ፣ ልብ ይሮጣል።"

የዓይኑን ቆብ ገለጥኩት፤ ውስጡ ነጥቷል፣ የዓይኑ ነጭ ደግሞ ቢጫ ሆኗል። እዚህ አገር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ እሱን ግን በዚያው ሳምንት መርምረው ነጻ ነህ ብለውታል። ሳህኑን አየሁ። የበቆሎው ፍሬ ጫፉ ላይ አረንጓዴና ጥቁር ነው። ሻግቷል።

ለሁሉም ነገርኳቸው። ቀይ የደም ሴል ስስ ሽፋን ያለው ከረጢት ነው፤ አንዳንድ የሻጋታ መርዝ ሽፋኑን ይጎዳዋል፤ ሲቀደድ ቀዩ ቀለም ይፈስና በሽንት ይወጣል።

"ፈልቶ የለም እንዴ?" አሉ ሐጂ። "ስንት ዘመን እህል ሸጫለሁ። የፈላ ነገር ሰው አይጎዳም።"

"ሻጋታው ይሞታል ሐጂ፣ መርዙ ግን እሳት አይፈራም።"

"እስቲ አሳየኝ!"

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘኝ! የሐጂ ልጅ ከስንቁ ጋር ሁለት የሻይ ብርጭቆና ከሱቃቸው ንጹሕ በቆሎ አመጣች። የሻገተውን ወደ መጸዳጃ ስወጣ፣ ኩሽናው ደጃፍ ከጆንያ ከወደቀው ለቀምኩ። ሁለቱን ለየብቻ ዘፍዝፌ ውሃውን አጠለልኩ። ሐጂ መርፌ ቁልፋቸውን ፈተው ሰጡኝና እንደኛው ሱሪያቸውን በእጃቸው ያዙ። ጣቴን ወግቼ በየብርጭቆው ደም አንጠባጠብኩ።

ሁለቱም ወዲያው ጠርተው ቀይ ሆኑ።

"የእኔም በቆሎ መርዝ ሆነ እንግዲህ!" አሉ ሐጂ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ በሽተኛው ሳይቀር ሳቀ። እኔ ግን ብድግ ብዬ "ጨው!" ብዬ ጮኽኩ፤ ሱሪዬ ጉልበቴ ላይ ወረደ። ደም ባዶ ውሃ ውስጥ ከገባ ያለ መርዝም ይፈነዳል። ሥራ ቦታ ጨዋማው ውሃ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣልኝ ረስቼው ነበር።

ከአንዱ ስንቅ ጨው ተገኘ፤ እንደገና በጨው ውሃ ዘፈዘፍኩ። ሚዛን የለም፤ የተወጋ ጣቴን መጥጬ የደሜን ጨው ቀመስኩና ውሃውን በዚያው ልክ አደረግኩት። ደግሜ ደም አንጠባጠብኩ፤ ብርጭቆዎቹን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አስቀመጥን። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ጠበቅን።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ በሐጂ በቆሎ ያለው ደም ታች ዘቅጦ፣ ከላይ ያለው ውሃ ቀለም አልነበረውም። የሻገተው ብርጭቆ ግን ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው፤ ጣቴን ከብርጭቆው ኋላ ሳደርግ መስመሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ደሙ ፈርሷል! የትኛው መርዝ እንደሆነ አላውቅም፤ ብርጭቆም ሰውነት አይደለም። ቢሆንም እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

የጣቢያው ሳጅን ከንፍሮው ባልዲ ጋር ገባ። ሳልተነፍስ አስረዳሁት።

"ጥያቄህን አሁንም አልተውክም?" አለኝ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ። "ይሄን የሚበላ አንድ ሰው ነው። እናንተ ምን ቤት ናችሁ?"

ሐጂ ተነሡ። ከቤት የመጣላቸውን ሩዝ በሽተኛው ፊት አስቀመጡ። እሱ እጁን ወደ ደረቱ ሲያነሳ ቀድመው የንፍሮ ሳህኑን አነሡ።

"ስጦታ አይደለም፤ የአንተን ወስጃለሁ" አሉት። ወደ ሳጅኑ ዞሩ። "ምግብ ነው ካልክ እዚሁ ፊትህ ልብላው። ልጄ ነገ ስንቅ ይዛ ስትመጣ ምን እንደሆንኩ አንተው ንገራት።"

በክርናቸው ሱሪያቸውን ደግፈው ፍሬውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ሳጅኑ ብርጭቆውን አየ፤ ሽማግሌውን አየ። ሳህኑን ከእጃቸው ወስዶ ባልዲው ውስጥ ገለበጠው።

"አንተ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ" አለው በሽተኛውን። "መጀመሪያ ብላ።"

በላ። ማታ ለሁላችን ዳቦ መጣ፤ ያ ጆንያ ተመልሶ አልታየም።

አሁን ሥራዬ ላይ ነኝ። ጥያቄዬ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ያን ቀን ሳስታውስ ግን ከሙቀቱም ከፍርሃቱም በፊት የሚመጣብኝ ደስታው ነው።

በቅርቡ ሐጂ ሱቅ ስገባ የኩሌው ሰው ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ ወፍሯል፣ ዓይኑም ጠርቷል። ምሳ ቀረበ፤ ሩዝ ነው። እሱ ግን እጁን አልዘረጋም። መጀመሪያ ከከረጢቱ የደረቀ ዓሣ አውጥቶ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠ።

"ልውውጥ" አለ።

ሐጂ ሩዙን ትተው ከዓሣው ቆረሱ።