ስድሳ ስምንት ኪሎ ለቫልዳ

ከኦሮሩ ከተማ በስተሰሜን ባሉት ከብት እርባታዎች ክሌም ኖስኬ የሚያልፍባቸው የአጥር በሮች አርባ አንድ ናቸው። አርባ አንዱንም ራሱ ወርዶ ይከፍታል፤ ተመልሶ ገብቶ መኪናውን ያሳልፋል፤ እንደገና ወርዶ ይዘጋል። እዚያ አገር ጋቢና የተቀመጠ ሰው ነው በር የሚከፍት፤ ጳጳስም ቢሆን ይወርዳታል። የክሌም ጋቢና ግን ሰው ካስቀመጠ ስንት ዘመኑ! የተቀመጠበት ሣጥን ነው።

ሥራው ከጉድጓድ ውኃ የሚስቡትን የነፋስ መዘውሮች መጠገን ነው። ውኃ እንዳያመልጥ የሚያሽገው የፓምፑ ቆዳ ያልቃል፣ የመዘውሩ ጅራት ይሰበራል፣ ላሞቹ ደረቅ ገንዳ ከበው ይጮኻሉ፤ ያኔ ክሌም ይጠራል። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬም ያንን ረጅም የብረት ማማ እንደ ጦጣ ይወጣዋል። ወሬ ላይ ግን ጭራሽ አይሆንለትም። ከእሱ አፍ አንዲት መልካም ቃል ከማውጣት ከመቶ ሜትር ጉድጓድ ቧንቧ መምዘዝ ይቀላል።

ሚስቱ ቫልዳ ለትምህርት ቤቱ ልጆች ምሳ ስታበስል ሃያ ስድስት ዓመት ኖራለች። ገና እንደ ተጋቡ «የጥገናውን ዙር አብሬህ ልሂድ?» ብላው ነበር። ከዚያ ልጆች መጡ። ልጆቹ አድገው ሲሄዱ ደግሞ ክሌም አቧራ የሚያበላሸውን የፓምፕ ቆዳ የሚያኖርበት ቢያጣ የጋቢናውን ወንበር ፈትቶ በምትኩ አንድ የእንጨት ሣጥን አሰረበት። ይኼው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ቫልዳ ያኔ ምንም አላለችም። ዝምታዋን ክሌም እንደ እሺታ ቆጠረው፤ ወንዶች እንዲህ ነን እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል!

ጡረታ የወጣች ቀን ሽርጧን አወለቀችና ፊቱ ቆመች።

«ክሌም፣ የመስከረሙን ዙር አብሬህ እሄዳለሁ። ስጠይቅህ ሁለተኛዬ ነው። ሦስተኛ የለም።»

«ደስ ይለኛል» አለ። ከልቡ ነበር።

ቫልዳ ግን ወረቀት ታነባለች። በማግስቱ የመኪናውን ሊብሬ ይዛ መጣች። «ይሄ ፒክአፕ ከነጭነቱ፣ ከነሰዉ፣ የተፈቀደለት ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ነው። አሁን ስንት ይመዝናል?»

«ይችላል።»

«ስንት ነው ያልኩህ?»

«ባሌስትራውን አስወፍሬዋለሁ እኮ ሴትዮ! ይችላል!»

ከነመኪናው ጎትታ የእህል መጋዘኑ የመኪና ሚዛን ላይ አቆመችው። እዚያ አገር ፒክአፕ የገዛ ሰው ሁሉ አንድ በሽታ አለበት፤ ብረት መጨመር። ክሌምም ካንጋሮ ቢገባበት የሚከላከል ብረት ከፊት፣ ሁለተኛ የነዳጅ ታንክ ከሥር፣ የመሰላል መጫኛ ከላይ፣ ፍሪጅ ከኋላ፣ ሁሉንም «ትንሽ ነገር ናት» እያለ ከምሮበታል። ሚዛኑን የሚጠብቀው ኮል በትልቁ ሰሌዳ ላይ ቁጥሩን አበራው። ክሌምና ውሻው ሞፕ ውስጥ እንዳሉ፣ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ።

«አየሽ? አላለፍኩም!»

«እኔስ?» አለች ቫልዳ። የምትቀመጥበት ስለሌላት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ከመኪናው አጠገብ ሚዛኑ ላይ ወጥታ ቆመች። ሰሌዳው ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ አለ። ከኋላ ወረፋ የያዙት የስንዴ መኪና ሾፌሮች በሙሉ እያዩ።

«ሰማንያ ኪሎ?» ጮኸች። «ኮል፣ እኔ ሰባ አራት ነኝ!»

«በሃያ በሃያ ነው የሚቆጥረው ቫልዳ። ስንዴ እንጂ ሰው መች መዝኖ ያውቃል!»

«እና ስድስቱን ኪሎ ማን ይመልስልኛል?»

ሾፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ። ቫልዳም ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ሰሌዳውን ቀና ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በሕጉ ትርፍ የሆንኩት እኔ ነኛ።»

ክሌም የሚያወርደውን ዕቃ በዓይኑ ፈለገ። መሰላሉ እንጀራው ነው። ነዳጁ በዚያ በረሃ ነፍስ ነው። ቁልፉም፣ ቧንቧውም፣ ገመዱም ያስፈልጋል። አንድም የሚቀር አጣ፤ ከሚስቱ በስተቀር። እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ጋራዥ ያላት ሬሊን መኪናውን ከሥር ገብታ አየችና ተንፏቃ ስትወጣ እየሳቀች ነበር። «አንተ ሽማግሌ፣ ይሄን ባሌስትራ ከየት አመጣኸው?»

«ከተጣለ መኪና ላይ ነው የፈታሁት።»

«በስመአብ! እና ሕጋዊ ሆንኩ ብለህ ነው? መኪናህ ጠነከረ እንጂ የተፈቀደልህ ኪሎ ፈቀቅ አላለም። አንድ ሰው ብትገጭ የኢንሹራንስ ሰዎች ይሄን አይተው ዞር በል ነው የሚሉህ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ቀድመህ ፈቃድ ትጠይቃለህ። ከዚያ ለዚህ መኪና ተብሎ የተፈተነውን ባሌስትራ ከፊትም ከኋላም እገጥምልሃለሁ። መሐንዲሱ ከነጭነቱ ነድቶ ፍሬኑን ይፈትናል፤ ካመነበት አዲሱን ኪሎ የያዘች ሰሌዳ በሩ ላይ ይመታልሃል። ቀላል ነው።»

ለእሷ ነው ቀላል! ክሌም ቅጽ ሲሞላ በብርድ አላበው። ፈቃዱ እስኪመጣ፣ ዕቃው ደርሶ እስኪገጠም ክረምቱ አለቀ። ቫልዳ በበኩሏ ሰፊ ባርኔጣ ገዝታ በሩ አጠገብ ሰቀለች። ክሌም በወጣ በገባ ቁጥር ባርኔጣዋን ያያታል። ላሞች ውኃ ይፈልጋሉና ለመስከረሙ ዙር ሰኞ መነሳቱ አይቀርም። ጥያቄው ባርኔጣዋ አብራ ትሄዳለች ወይ ነው።

መሐንዲሱ ኒክ ካሊማኒስ በወር አንዴ ከፖርት ፒሪ ይመጣል። ሬሊን ጋራዥ የደረሰው ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው ሐሙስ ነበር። ፒክአፑን በውኃ በርሜል አስጭኖ ነዳ፤ ፍሬን ያዘ፤ ደግሞ ነዳ፤ ደግሞ ያዘ። ከሥር ገብቶ እያንዳንዱን ቡሎን አየ። «ግሩም ነው» አለ ልብሱን እያራገፈ። ክሌም ቫልዳን አየና ጥርሱን ገለጠ።

ከዚያ ኒክ ሲነዳ ከአጠገቡ ያየውን ነገር ሊመረምር የጋቢናውን በር ከፈተ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሣጥን።»

«ሣጥንነቱንማ አያለሁ። ሊብሬው የሁለት ሰው መኪና ነው የሚለው። ወንበሩ የታለ?»

ክሌም አንገቱን ደፋ። ወንበሩን መልሶ መግጠሙን ለጉዞው ዋዜማ ትቶት ነበር።

«ወንበሩና ቀበቶው በቦታቸው ካልሆኑ አልፈርምም» አለ ኒክ ሰዓቱን እያየ። «አሥር ሰዓት ላይ እሄዳለሁ። የምመለሰው በወሩ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ክሌም በስድሳ ሦስት ዓመቱ ሮጠ፤ ቫልዳም ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለችው። ወንበሩ ከቤታቸው ጀርባ ዕቃ ቤት ውስጥ አለ። አለ፤ ግን ዘጠኝ እንቁላል የታቀፈች ቀይ ዶሮ ተጎልታበታለች። ክሌም እጁን ሲሰድ በመንቁሯ ወጋችው። ደገመ፤ ደገመችለት።

«ተው አትንካት!» አለች ቫልዳ። «አምስት ቀን ነው የቀራት።»

«ሰውዬው ሊሄድብን ነው እኮ!»

«ይሂዳ! ለእኔ መቀመጫ ተብሎ የሷ ከሚበተን ቢቀርብኝ ይሻላል።» ግን እንባዋ መጣ። እየጠረገች ዙሪያውን ቃኘች። «ክሌም፣ ያ ሣጥንህ ስፋቱ ስንት ነው?»

ክሌም ወደ ጋራዡ በረረ። የፓምፕ ቆዳውን በሙሉ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ገለበጠ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የታሰረውን ሣጥን ነቅሎ ተሸክሞ መጣ። ቫልዳ ጭድ ጎዘጎዘችበት። እንቁላሉን አንድ በአንድ አዛወረች፤ ዶሮዋን በሽርጧ ጠቅልላ ላዩ ላይ አኖረቻት። ዶሮዋ ቆመች፤ ሣጥኑን ዞራ አየች፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ከዚያ ላባዋን ዘርግታ ተቀመጠች።

ወንበሩ የስንት ዓመት ኩስ ተፍቆለት፣ ሬሊን ቡሎኑን አጥብቃ ስትጨርስ ለአሥር ስምንት ደቂቃ ይቀራል። ኒክ ተቀመጠበት፤ ቀበቶውን ሦስቴ ሳብ ሳብ አደረገው። «የዶሮ ሽታ ሕግ አይከለክልም» አለና ፈረመ። አዲሷን ሰሌዳም በሩ ላይ መታት። ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ ኪሎ።

ክሌም ሰሌዳዋን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ለእሷም ተፈቀደላት ማለት ነው?»

«የሷማ ድሮም ተፈቅዷል» አለ ኒክ ዕቃውን እየሰበሰበ። «ሲሠራ ጀምሮ ለአንድ ወንበር ስድሳ ስምንት ኪሎ ተብሎ ለሰው ተይዟል። ቦታውን በብረት የሞላኸው አንተ ነህ።»

 ክሌም ሬሊንም መሐንዲሱም ባሉበት ወደ ሚስቱ ዞሮ ባርኔጣውን አወለቀ። «ቫልዳ፣ ለካ ሕጉ ከእኔ የተሻለ ባል ኖሯል። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አርባ ሦስት ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ፊቷ ቦግ አለ። «ኮል ሰማንያ ነሽ አለኝ፣ ሕጉ ስድሳ ስምንት» አለች። «ከሕጉ ጋር ነው የምሄደው። አንተም ከፈለግክ ና!» ሬሊን እየሳቀች ጨርቋን ወረወረችባቸው።

ሰኞ ጠዋት ቫልዳ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ሞፕን መሐል አስገብታ ተቀመጠች። አርባ ኪሎ ሜትር እንደሄዱ የመጀመሪያው በር መጣ። ክሌም መኪናውን አቆመና እንደ ልማዱ ወረደ። በሩን የያዘውን ሰንሰለት ሲጨብጥ ሌላ እጅ አገኘበት።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለች ቫልዳ።

«በር ልከፍት ነዋ።»

«ተመለስ! ጋቢና ማን ነው የተቀመጠው?»

ክሌም እየሳቀ ተመለሰና መሪውን ያዘ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተለት፤ ሳይወርድ አለፈ። በመስታወቱ ሲያያት ከሰንሰለቱ ጋር ትታገላለች፤ ባርኔጣዋ ወደቀ፤ አነሳችው፤ እንደገና ታገለች። ልርዳት ብሎ እጁን ወደ መኪናው በር እጀታ ሰደደ፤ ከዚያ መለሰው። በመጨረሻ ቆለፈችና አቧራ ለብሳ፣ እያለከለከች ገባች።

«አንድ» አለች ቀበቶዋን እያሰረች። «አርባ ቀርቶኛል። ንዳ!»