የድሬሰሩ መኪና

አምቦ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የጋራዡ ባለቤት ኦቦ ቶለሳ ሞተር አላስነኩኝም። ጋራዡ በር ላይ በርጩማ ሰጡኝና አንድ ጣሳ ሙሉ የዛገ ብሎን ፊቴ ዘረገፉልኝ። "የኢንቹን ለብቻ፣ የሚሊውን ለብቻ" አሉኝ። ደብረ ብርሃን ስድስት ዓመት በመካኒክነት መሥራቴን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዤ ነበር። ሳያነቡት አጥፈው መለሱልኝ።

እስከ ምሳ ሰዓት ለይቼ ጨረስኩ። ክምሩን በእጃቸው አመስ አመስ አደረጉና ከሚሊው ውስጥ ሦስት ብሎን አወጡ። "እነዚህ የድሮ ላንድሮቨር ናቸው። እንግሊዝ ያኔ በሚሊ አይሠራም ነበር።" በማግስቱ የብሎን መፍቻ ቺያቤ አስጨበጡኝ።

ይህ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ነው። አዲስ መኪና ያለው ሰው አዲስ አበባ ወስዶ ያሠራ ነበር። እኛ ጋ የሚመጣው ሌላው ጋራዥ "ዕቃ የለውም" ብሎ የመለሰው ነበር፤ የሸነን ላንድሮቨር፣ የጊንጪ ፊያት፣ የመምህራን ቮልስ። ዕቃው ከጠፋ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄደን እናስቀርጸው ነበር። ለማስቀረጽ ደግሞ የመኪናውን ዓይነትና ዘመን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። እኔም አሮጌ መኪና መለየት የለመድኩት በዚያ ምክንያት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡ ውስጥ የምንሰበሰብ ሦስት ሰዎች ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምረው መምህር ዳዊት ነው፤ ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። ሦስተኛው ኦቦ ፈይሳ ናቸው፤ የነቀምቴን መስመር በአውቶብስ ሲመላለሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሾፌር። ዳዊት የድሮ መኪና ወዳዶች የሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነበረ። ከዚያ ፎቶ ያመጣና ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ አንድ ፍሬቻ ወይም አንድ መከላከያ ብቻ ያሳየናል።

"ይሄስ?"

"ፔጆ 404" ይላሉ ኦቦ ፈይሳ። "ባኮ ላይ ዳገት አቅቶት የቆመ አንድ ነበር። ባለቤቱ ሲሳደብ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።"

"የለም፣ 403 ነው" እላለሁ እኔ። "መብራቱን እዩት።"

ዳዊት መዳፉን ሲያነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምረታው እኔ ነበርኩ። ማወቅ ደስ ይለኛል። ማወቄ ሲታወቅልኝ ግን ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከእጃጂ ተጠራሁ። የጠሩኝ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ናቸው። ባላቸው ኦቦ ረጋሳ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጅ አልነበራቸውም። ግቢው ውስጥ የቆርቆሮ ዳስ ሊወድቅ ስላጋደለ፣ ከሥሩ ያለውን መኪና ፈቀቅ እንዳደርግላቸው ነበር የፈለጉት።

ሸራውን ስገልጥ ክው አልኩ። ሁለት በር ብቻ ነው ያለው። ካምቢዮው መሪው ሥር ነው። ፊቱ መሐል ላይ እንደ መጫወቻ ካርታ ዳይመንድ የቆመ ትልቅ አርማ አለ። ኮፈኑን ከፍቼ የሻንሲውን ሰሌዳ በቤንዚን ጠረግሁት። ቦርግዋርድ ኢዛቤላ፣ ብሬመን ከተማ የተሠራ። ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ዘመኑ ነው። በፎቶ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

"ከአንድ የውጭ ሐኪም ነው የገዛው" አሉኝ አዴ ጫልቱ። "ምጥ የጠናባትን ሁሉ በዚህ ነው አምቦ ሆስፒታል ያደርስ የነበረው። ከኋላ ወንበር ላይ የተወለዱም አሉ።"

ፎቶ ለማንሣት ፈቃድ ጠየቅኋቸው።

"አንሣ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። ግን የማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ ለማንም አትንገር። ለሚ፣ የረጋሳ የወንድም ልጅ፣ ወራሽ ነኝ ብሎ የግቢውን ግማሽ ወስዷል። ይሄን ግን ቁርጥራጭ ብረት ነው ብሎ ተወልኝ።"

"አልናገርም" አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ፍሬኑ ስለነከሰ መኪናውን በክሪክ እያነሣሁ ወደ ጎን ገፍቼ ፈቀቅ አደረግሁላቸው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ፎቶውን በተራዬ አሳየሁ። ዳዊት አንድ ጊዜ አየና "ኦፔል ሬኮርድ" አለ።

"ቦርግዋርድ ኢዛቤላ ነው።"

"ኢዛቤላ እዚህ አገር የለም። ከኢንተርኔት አውርደህ ልታታልለን ነው።"

ኦቦ ፈይሳ ሳቁ። ጋራዡ ውስጥ የነበሩ ደንበኞችም ሳቁ። ደሜ ፈላ።

"እጃጂ ሂድና እየው! የድሬሰሩ ሚስት ግቢ ውስጥ ቆሟል!"

ዳዊት ፎቶውን አጉልቶ አርማውን አየ። ከዚያ እጄን ጨብጦ "ረታኸኝ" አለኝ። ፎቶውን ተቀበለኝና ስሜን ጨምሮ፣ እጃጂ መሆኑን ጽፎ ግሩፑ ውስጥ ለጠፈው። ምስጢር መሆኑን አልነገርኩትም። አፌን ከፍቼ ልከለክለው ስችል ቆሜ ሲጽፍ አየሁት። ሰዎች "ይህን ያወቀ መካኒክ ማነው?" እያሉ ሲጠይቁ ደስ ብሎኝ አነበብኩ።

ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ኦቦ ቶለሳ ጠሩኝ።

"ነገ እጃጂ ትሄዳለህ። የሚጫን መኪና አለ። ፍሬኑ ነክሶ አልንቀሳቀስ ብሏል።"

"የማን መኪና?"

"ለሚ የሚባል ልጅ ነው ያዘዘን። የአዲስ አበባ ሰው ገዝቶታል።"

"ሌላ ሰው ይሂድ፣ ኦቦ ቶለሳ።"

"የነከሰ የፍሬን ታምቡር ሳይሰብር የሚያወጣ ሌላ ማን አለኝ? ካልሄድክ ቱታህን አውልቅና ቤትህ ግባ።"

ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ሄድኩ።

ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ለሚ ሽማግሌዎች የፈረሙበትን ወረቀት አሳየኝ። መኪናው የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ስለሆነ ተሸጦ ለሚስቱና ለወራሹ ለሁለት ይካፈል ብለዋል። ፎቶው እየተላለፈ እሱም ጋ ደርሶ ነበር። "ብረት ነው ብዬ እኮ ነው የተውኩት" አለኝ እየሳቀ። "አንተ ባትኖር ዋጋውን በምን አውቅ ነበር?"

በክሪክ አነሣሁት። ጎማዎቹን ፈታሁ። ታምቡሮቹን በማርቴሎ ዙሪያቸውን ቀስ እያልኩ መታሁ፤ ዘይት አጠጣሁ፤ እንደገና መታሁ። የኋላው ግራ ብዙ አስቸገረኝ። የዚያን ቀን ባይለቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እጄ ግን ሥራውን ያውቃል፤ ለቀቀ።

አዴ ጫልቱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"አንተ ነህ የነገርከው?"

"እኔ ነኝ።"

"ከፍለውህ ነው?"

"አይደለም። ከአንድ መምህር ጋር ተከራክሬ ነው።"

"ስለ ምን?"

"ስለ መኪናው ስም። ኦፔል ነው አለኝ።"

"እኛ ስሙን አናውቅም ነበር" አሉ። "ኮንኮላታ ረጋሳ ነው የምንለው። የረጋሳ መኪና።"

ይህን ብለው ወደ ቤት ገቡ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። መኪናው በገዛ ጎማው ተንከባሎ ወጣና ተጫነ። ድርሻቸውን ሲያመጡላቸው እንዳልተቀበሉ ቆይቼ ሰማሁ።

ለዳዊት የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። "ለምን አልከለከልከኝም?" አለኝ። ልጥፉን አጠፋው፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት መሰብሰቡ ቀረ።

በዓመቱ እጃጂ ለሥራ ስሄድ በራቸውን አንኳኳሁ። የከፈተልኝ ተከራይ ነው። አዴ ጫልቱ ጤናቸው ታውኮ ሸነን እህታቸው ዘንድ ገብተዋል አለኝ። ሸነን ሁለት ጊዜ ለሥራ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሳልጠይቃቸው ተመለስኩ።

መኪናውን በኋላ እኔም በገባሁበት በዚያ ግሩፕ ውስጥ አየሁት። ቀይ ተቀብቷል፤ ወንበሩ በነጭ ቆዳ ተለብጧል። አዲሱ ባለቤት "የመኳንንት መኪና ነበረች" ብሎ ጽፏል። እኔም ከሥሩ "የእጃጂው ድሬሰር የኦቦ ረጋሳ ናት፤ ወላድ ያመላልሱባት ነበር" ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ተሰረዘ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ከግሩፑ አስወጡኝ።

አሁን ጊንጪ የራሴ ጋራዥ አለኝ። አሮጌ መኪና ይዞ ለሚመጣ ሰው ዓይነቱንና ዘመኑን የምነግረው ለራሱ ብቻ ነው። አብረውኝ ለሚሠሩም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፦ ደንበኛው አትናገሩ ያላችሁን አትናገሩ፤ በክርክር መረታትም ቢመጣ ተረቱ።