ይበልጣልና የድጓው ገጽ

ንፋስ መውጫ ኪቦርድ አስተምራለሁ። ትናንት አንዷ ተማሪዬ በጆሮዋ የያዘችውን መዝሙር ኖታ የምታነብ መስላ ስትጫወት፣ ሆን ብዬ ገጹን ገለበጥሁባት። ጣቶቿ ምንም አልተደናገሩም። እኔን ግን የወረቀቱ ድምፅ ልጅነቴ ድረስ፣ ወዳደግሁባት ደብር ወደ ቤተ ልሔም ወሰደኝ።

አባቴ እዚያ የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ የድጓ መምህር ነበሩ። እኔ በፊደሎቹ አናት ላይ የተጻፉትን የዜማ ምልክቶች አንድ በአንድ እየለቀምሁ አነባለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ግን አንዴ የሰማውን እንዳለ ያወርደዋል። ስሙ ራሱ ይበልጣል ነው! አንድ ቀን ብራናው ላይ አፍጥጦ ሲያዜም ቅናቱ አንገበገበኝና ያንን ከባድ ገጽ ገለበጥሁበት። እሱ እቴ፣ ዜማውን ቀጠለ።

«አባየ፣ አያነብም እኮ! በቃሉ ነው!» ብዬ ጮኽሁ።

«አውቃለሁ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ምልክት የተሠራው ለሚረሳ ነው። እንኪ፣ መጽሐፉን አንቺ ያዢው።»

ሽልማት መስሎኝ መጽሐፉን ደረቴ ላይ ታቅፌ፣ ሳምንቱን ሙሉ ወንድሜ ላይ ኮራሁበት።

ትናንት ተማሪዬ መዝሙሩን ጨረሰችና ቀና ብላ፣ «ቲቸር፣ ኖታው ግን ለምንድን ነው?» አለችኝ።

ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ ለካስ ኖታውን ከፊቷ አንስቼ ደረቴ ላይ ታቅፌዋለሁ።