በዱዓ የተዘጋው ስብሰባ

ባቡሩ ሳይመጣ ስለ ባቡሩ ማውራት ሥራዬ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከደሴ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ ሙቀቱ ሲጀምር ጃኬቴን አውልቄ ክንዴ ላይ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ሐዲዱ በሚያልፍበት ሰፈር ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ነጋዴውን አዘጋጃለሁ። ባቡሩ ሲመጣ መጋዘን ያስፈልጋል፣ ባቡሩ ሲመጣ አልጋ ቤት ያዋጣል፣ ባቡሩ ሲመጣ ያለ ደረሰኝ መነገድ ያስቸግራል እላለሁ። ወጣት ነበርኩ፤ ሰው ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ያወቅሁ ይመስለኝ ነበር።

ምሳዬን የምበላው ከአንድ ፋብሪካ ፊት ለፊት፣ ከሜዳው ማዶ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ነው። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም እናት ነበሩ። ደንበኞቻቸው በሙሉ የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው፤ ፈረቃ ሲለቀቅ ልጃገረዶቹ ሜዳውን በእግር አቋርጠው ይመጡና ቤቱን ይሞሉታል። አንድ ቀን እየበላሁ ሳለ አጠገቤ ተቀመጡና፣ ሐዲዱ በዚህ ሜዳ ላይ ካለፈ ልጆቹ በየት በኩል እንደሚሻገሩ ጠየቁኝ። ጎርሻለሁ። "አያስቡ እናቴ፣ እኔ እጠይቅልዎታለሁ" አልኳቸው። መረቁኝና ወጥ ጨመሩልኝ።

የሐዲዱን ፕላን አየሁት። ለመኪና መሻገሪያ ራቅ ብሎ አለ፤ በምግብ ቤታቸው በኩል ግን ለእግረኛ የተተወ ምንም ነገር የለም። አለቃዬን ሳማክረው፣ ለውጥ የሚጠየቀው ጉዳዩ በሕዝቡ ስብሰባ ላይ ተነስቶ በቃለ ጉባኤ ከተያዘ ብቻ ነው፣ ማንም ያንሳው ማን አለኝ። ወዲያው ደግሞ ስብሰባውን ያለ ጭቅጭቅ እንድጨርስለት አደራ አለኝ። የሰማሁት አደራውን ነው።

የስብሰባው ቀን የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። መድረክ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ስለ ካሳ ተጠየቀ፣ ስለ ቅጥር ተጠየቀ፣ ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ፤ አለቃዬ ሰዓቱን ያያል። በዚህ መሀል የባለ ምግብ ቤቷ እናት እጅ ከኋላ ሲነሳ አየሁ። ምን እንደሚጠይቁ ገባኝ፤ መልስ እንደሌለኝም አውቃለሁ። እንዳላየ ሆኜ ፊት ወንበር ወደተቀመጡት ሼህ ዞርኩና፣ "አባታችን፣ በዱዓ ይዝጉልን" አልኩ።

እኛ ዘንድ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ጉዳይ አይነሳም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ወሎ ነው ያደግሁት፣ መዳፌን ዘርግቼ አሚን ማለትን ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ። ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ ሳያውቅ ሊያደርገው ይችላል፤ እኔ አውቄ ነው ያደረግሁት። ሼሁ አገሩን ሰላም ያርገው፣ መንገዱን የኸይር ያርገው ሲሉ የተነሳው እጅ ወርዶ ከሌላው ጋር ተዘረጋ። እናቲቱ አሚን አሉ። እኔም አልኩ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሜዳው ላይ ለሐዲዱ የሚሆን አፈር ከሰው ቁመት በላይ ተቆለለ። ልጃገረዶቹ መጀመሪያ ሰሞን እየተደጋገፉ ይወጡት ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው አላስኬድ አላቸውና ፋብሪካው በር ላይ በተከፈቱት አዳዲስ ቤቶች መብላት ለመዱ። የእሳቸው ድስት እያነሰ ሄደ፤ ረዳታቸውንም አሰናበቱ። ባቡሩ ገና አልመጣም። እኔ ፈሪው ደግሞ ምሳዬን ሌላ ቦታ መብላት ጀመርኩ።

ሕሊናዬ ሲቆረቁረኝ ከርሞ አንድ ቀን ሄድኩ። በምሳ ሰዓት ቤቱ ጭር ብሏል። ለምን እንደጠፋሁ እንኳ ሳይጠይቁ ወንበር ጠረጉልኝ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

"አፉ ይበሉኝ እናቴ። ያን ቀን እጅዎን አይቼ ነው ስብሰባውን በዱዓ ያስዘጋሁት። እንዳይጠይቁ ብዬ ነው።"

ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

"ምኑን ነው የምጠይቀው? እሱንማ አንተ እጠይቃለሁ ብለኸኝ የለ? ወላሂ፣ እጄን ያነሳሁት ይህ ልጅ እየለፋልን ነውና ለሱም ዱዓ አድርጉለት ልል ነበር።"

የጠረጉልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አለመጠየቄን አሁንም አላወቁም። የከፋኝ መሰላቸውና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"አብሽር ልጄ። ጠይቀህ እምቢ ካሉህ አንተ ምን ታደርግ?"

አልጠየቅሁም ማለት ነበረብኝ። ምግብ ሊያቀርቡልኝ ወደ ጓዳ ሲገቡም፣ ይዘው ሲመለሱም ማለት እችል ነበር። እጄን ታጥቤ ቀረብኩና በላሁ።