ሽማግሌ እየላክሁ ያለፈ ዓመት

ዓመተ ምሕረቱን በትክክል አላስታውሰውም። አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጥቶ ሰው ሁሉ ስለ ውል ማውራት የጀመረበት ሰሞን መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ሁለት ክፍል ቤት ከአበልጄ ገዛሁ። ወንድ ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት እኔ ነኝ። ውሉ በምስክር ተጻፈ፣ ዋጋውን ከፈልሁ፤ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ስሙን ማዛወርና እሱ ቤቱን መልቀቁ ብቻ ቀረ።

እሱ ግን ዛሬ ነገ ይል ጀመር። ሽማግሌ ላክሁበት። «ጾሙ ይፈታ» አላቸው። ጾሙ ተፈታ። እንደገና ላክሁ፤ «ክረምቱ ይውጣ፣ በዚህ ዝናብ ሚስቴን የት ላድርጋት?» አለ። እውነቱን ነው አልሁ። ደግሞስ አበልጅ ይከሰሳል እንዴ? ግንበኛ ነኝና እሑድ እሑድ እየሄድሁ የግቢውን ካብ እክብ ነበር፣ የራሴ ነው ብዬ። ሚስቱ ውኃ ታቀርብልኛለች።

ዓመት ካለፈ በኋላ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ሄድሁ። ውሉን አገላብጦ አየና፣

«አንተ ሰው፣ እስካሁን የት ነበርህ?» አለኝ።

«ሽማግሌ ይዤ።»

«ምን አሉህ?»

«ታገሥ።»

«እነሱማ ምን ቸገራቸው» አለና ጻፈልኝ።

ችሎት ቆምን። አበልጄ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ውሉን አልክድም። ግን መክሰሻው ዓመት አልፎበታል፤ በይርጋ ይታገድልኝ» አለ። ዳኛው ሽማግሌ መላክ ቀኑን አያቆመውም አሉኝ። የከፈልሁትን እንድቀበል፣ ቤቱን ግን በግድ ማስለቀቅ እንደማልችል ነገሩኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ምንም አልተሰማኝም።

በሚቀጥለው እሑድ መዶሻዬን ይዤ ፈላና በር ደርሻለሁ። እግሬ ነው የወሰደኝ። ሚስቱ በሩን ከፈተች። ገብታ ውኃ አመጣችልኝ። ጠጣሁና የቀረችውን ጥግ ክቤ ጨርሼ ወጣሁ። ለምን እንደ ጨረስሁት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጀጎል ውስጥ ከሚስቴ ጋር የተከራየኋትን ክፍል በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ ብዬ ከፍርዱ በፊት ለአከራዬ ነግሬያቸው ነበር። አረጋዊ ናቸው፣ መካ ደርሰው የመጡ። ሄጄ፣

«ሐጂ፣ ያ ቤት እኮ…» ስላቸው፣

«ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ክፍሉን ለሌላ ሰው አልሰጠሁም። ግባ፣ ሚስትህ ብቻዋን ናት።»

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ያን ሰሞን ከሰው ጋር አላወራም ነበር፤ ከሥራ ስመለስ ደጃቸው ላይ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ እሳቸውም ዝም ይላሉ። ያን ክፉ ጊዜ ያሻገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ አከራዬ ሐጂ።